ከመስታወቱ ወዲያ

እዚያ ቤት ግድግዳው በሙሉ መስታወት፤
ለነሱ መልክ ማያ፣ ለኔ ግን መስኮት።
ከጥቁር መጋረጃ፣ ከጠባብ መተላለፊያ ጀርባ፣
ጫማዬን አውልቄ፣ በካልሲ፣ እንደ ሌባ፣
ከምሽት ሦስት ሰዓት እስኪነጋ ድረስ
ካሜራ እገፋለሁ በሐዲድ ላይ ቀስ።

ሲቀጥሩኝ ያስፈረሙኝ አንድ ሕግ ነበረ፦
እዚህ ውስጥ ያሳለ በማግሥቱ ተባረረ።
«አንተ ዓይን ነህ፣ ጄኔዚዮ፤ ዓይን ድምፅ የለውም።»
የሪዮ ቤት ኪራይ ነው፤ ብዙ አልጠየቅሁም።

አሥራ አራት ገቡ። ሻንጣ ይጎትታሉ።
ስም ሳይጠያየቁ «ወንድሜ» ይባባላሉ።
ዌስሌይ፣ ስፖርት አሠልጣኙ፣ ጡንቻው ቅባት የተቀባ፣
ታይናራ፣ በየጥፍሯ ላይ አንዳንድ ትንሽ አበባ፣
ከሁሉም ኋላ ደግሞ፣ ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ፣
የመጣች የምትመስል የጠፋ ሰው ፍለጋ፣
ዙልሚራ፣ ከካሩዋሩ፣
የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ።

እሷ ናት ሌሊት ሌሊት፣ ቤቱ ሲያንኮራፋ፣
እርጥብ ጨርቅ ይዛ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣
የወጥ ቤቱን መስታወት የምትወለውለው፤
ከሷ ፊት እስከ ፊቴ ሦስት ጣት ነው ያለው።
ትተነፍስበታለች። ትፈትገዋለች።
ከሽበቷ አንዱን ነቅላ ታየዋለች።
አንዴ የዝንብ ኩስ አገኘች፣ ልክ አፍንጫዬ ላይ፤
ጨፈንኩ፤ ጥፍሯ ያረፈ መሰለኝ ገላዬ ላይ።

ታይናራ «እማ» ትላታለች። ፀጉሯን ትሠራላታለች።
ስኳር ያለቀ ሳምንት ድርሻዋን ሰጠቻት፤
«የኔ በደሜ አለ» ብላ፣ አስቃ ዋሸቻት።

ማክሰኞ የድምፅ ቀን ነው።
በቋንቋ ስንት ጉድ አለ! ድምፅ ማለት የቱ ነው?
ጮክ ብለህ ስትጠራኝ እንድሰማህ ያለው?
ወይስ በር ዘግተህ፣ አንገትህን ደፍተህ፣
ስሜን በሹክሹክታ ለግድግዳ ሰጥተህ?

ዙልሚራ ቀይዋ ክፍል ገብታ «ራሴን ብልስ?» አለች።
አይቻልም ሲሏት ብዙ አመነታች።
«እንግዲያው ዌስሌይ ይሁን። ጉልበት አለው፣ ሥራ አያጣም።»
ከወንበሩ ስትነሳ ትራሱን አስተካከለች፣ ለሚቀጥለው ሰው።

ታይናራ ተቀመጠች። አበባው ካንዱ ጥፍሯ ረግፏል።
«ከባድ ነው» አለች። (ሁሉም እንዲህ ይላል።)
«እወዳታለሁ እኮ። ግን ጨዋታ ጨዋታ ነው።
ዙልሚራ።»
እንባዋ ላይ አጠራሁት ምስሉን። ሥራዬ እሱ ነው።

ዘጠኝ ቀርተው ነበር፤ ሰባቱ እሷን አሉ።
እራት ላይ፣ ባቄላዋን በልተው፣ ሰባቱም «እጅሽ ይባረክ» አሉ።

በዚያች ሌሊትም መጣች፣ ጨርቋን አርጥባ።
ከጉሮሮዬ ሥር አንድ ሳል ተነሳ፣
ትንሽ፣ የሕፃን የሚያህል።
አንዴ «እህ» ብል ትሰማለች።
ሰምታስ? ሳል ምን ይናገራል?
ዋጥኩት። ሆዴ ይቻለው አልኩ፤
ሆዴም ቻለው፤ ከዚያ በፊትም ብዙ ችሏል።

ሐሙስ ስሟ ተጠራ፣ በርችት፣ በጭብጨባ።
ታይናራ ተንሰቀሰቀች፤ ዌስሌይም አነባ።
እሷ ግን «የተረፈው ባቄላ እንዳይበላሽባችሁ፣
ክዳኑን ክፈቱለት፣ ይብረድ፣ እባካችሁ»
ብላ ጨርቋን አጠበች፣ ቧንቧው ላይ ሰቀለች፤
ጫማዋን ጠረገች፣ አሁንም፣ መውጫው ላይ፤ ወጣች።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንት፤ መስታወቱን የሚያብስ የለም።
የዘይት ፍንጣቂ፣ የጣት አሻራ፣ የታይናራ ከንፈር ቀለም።
አለቃዬ በጆሮዬ ውስጥ ይጮኻል፦
«ጄኔዚዮ፣ ጭጋግ ነው የምትልክልኝ! መስታወቱን ጥረግ!»
ጠረግሁት።
በኔ በኩል ንጹሕ ነው።
ደግሜ ጠረግሁት።